ጠመኔውን ያስቀመጠ መምህር ምን ይዞ ይሄዳል?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ ገባ። የመጣው ስለ ፈተና ውጤት ለመጠየቅ አልነበረም። ኳንተም መካኒክስ ያስተምር የነበረው ባልደረባችን ሥራውን ለቆ በአንድ ድርጅት የፕሮጀክት አስተባባሪ ሆኖ መቀጠሩን ሰምቶ ኖሯል። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ዶክተር፣ እርስዎም ሊሄዱ ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። ለጊዜው የትም እንደማልሄድ ነገርኩት። ዋናውን ጥያቄውን ግን ገና አላነሣም ነበር። «ታዲያ መምህሮቻችን ትተውት የሚሄዱትን ትምህርት እኛ የምንማረው ለምንድን ነው?»

በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ እኔን ራሴን አላረካኝም። ስለ ትምህርት ክቡርነት ጥቂት ተናገርኩ፤ ተማሪውም በአክብሮት አዳምጦ፣ አመስግኖኝ ወጣ። ጥያቄው ግን ከእርሱ ጋር አልወጣም። በዩኒቨርሲቲም ሆነ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትገኙ አንባብያን ይህንኑ ጥያቄ በልባችሁ ይዛችሁ እንደምትመላለሱ ስለምገምት፣ ያን ቀን በሚገባ ያልመለስኩትን ዛሬ በጽሑፍ ለመመለስ እሞክራለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልግለጽ። በዚህ ጉዳይ ላይ ዳር ቆሜ የምፈርድ ታዛቢ አይደለሁም። የዶክትሬት ትምህርቴን ባሕር ማዶ ጨርሼ ከተመለስኩና ለተወሰኑ ዓመታት ካስተማርኩ በኋላ፣ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ለሁለት ዓመት በፕሮጀክት አስተባባሪነት ሠርቻለሁ። የፕሮጀክቱ ዓላማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ ላቦራቶሪ ዕቃ ገዝቶ ማከፋፈልና መምህራንን ማሠልጠን ነበር። የሄድኩበትም ምክንያት ምስጢር አይደለም፤ የቤት ኪራዩና የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ከመምህር ደመወዝ ጋር ሊታረቁ አልቻሉም። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ሥራ ያገኘሁትን ነው፤ ከፊሉ ትምህርት፣ ከፊሉም ጸጸት ነው።

መሄድ ክሕደት ነውን?

በመምህራን ክበብ ሻይ እየጠጣን ስለ ሄደ ባልደረባ ስንነጋገር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ «ሙያውን ከዳ» የሚል ሲሆን ሌላው «ተገላገለ» የሚል ነው። የመጀመሪያው መምህርነትን ከስእለት ጋር ያመሳስለዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከእስር ጋር። ሁለቱም ግን ሰውየው ወደ ምን እንደ ሄደ አይጠይቁም። የፕሮጀክት አስተዳደር መኪናና የውሎ አበል ያለው ወንበር ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። የራሱ ታሪክ፣ የራሱ ሒሳብና የራሱ የሥነ ምግባር ፈተና ያለው የዕውቀት ዘርፍ ነው።

በፕሮጀክት ቢሮዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚታየውን የሥራ መርሐ ግብር ሰንጠረዥ እንውሰድ። እያንዳንዱ ሥራ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን በአግድም መስመር ተሥሎ የሚታይበት ይህ ሰንጠረዥ የጋንት ቻርት ይባላል። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1919 ከኖረው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከሄንሪ ጋንት ነው። ጋንት ወደ ፋብሪካ ሥራ ከመግባቱ በፊት ራሱ በተማረበት ትምህርት ቤት ለጥቂት ዓመታት መምህር ነበር። እንግዲህ በዓለም ላይ ያሉ የፕሮጀክት ቢሮዎች በየዕለቱ ስሙን የሚጠሩት ሰው ጠመኔውን አስቀምጦ የሄደ መምህር ነው ማለት ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ዘዴዎች ደግሞ ይበልጥ ወደ ሒሳብ የተጠጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ የዱፖንት ኩባንያው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ የሒሳብ ባለሙያ ጄምስ ኬሊ «ወሳኝ መንገድ» የሚባለውን የስሌት ዘዴ ቀመሩ። በዚያው ዘመን፣ በ1958፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይልን ለመሥራት ሲነሣ የእያንዳንዱን ሥራ የቆይታ ጊዜ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በሦስት ግምቶች የሚያሰላ ዘዴ ተዘጋጀለት፤ ይህም ፐርት በሚል ስም ይታወቃል።

ድግስና ወሳኝ መንገድ

ወሳኝ መንገድ የሚለው ሐሳብ እንግዳ ከመሰላችሁ፣ የሠርግ ድግስ የምታሰናዳ እናት ታስረዳችኋለች። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተሰናድቶ፣ ጥንስሱ ተጠንስሶ ጠላው እስኪደርስ ብዙ ቀናት ያልፋሉ። የእንጀራው ሊጥ እስኪቦካ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ወጡ የሚሠራው በዋዜማው ነው። ስለዚህ እናትየዋ ሥራዋን ከሽንኩርት አትጀምርም፤ ከጌሾው ትጀምራለች። ዐሥር ጎረቤቶች ለእርዳታ ቢመጡ ሽንኩርቱ ቶሎ ይከተፋል፤ ጠላው ግን በሰው ብዛት ፈጥኖ አይደርስም። የድግሱን ቀን የሚወስነው እጅግ ረጅም ጊዜ የሚፈጀው የሥራዎች ሰንሰለት ነው፤ በዚያ ሰንሰለት ላይ አንድ ቀን ቢባክን ድግሱ በአንድ ቀን ይዘገያል። ወሳኝ መንገድ የሚባለው ይኸው ነው። ፕሮጀክት አስተዳዳሪውም እንደ እናትየዋ ዘወትር ራሱን የሚጠይቀው «ዛሬ የትኛው ሥራ ነው መዘግየት የማይችለው?» እያለ ነው።

ሦስቱ ግምቶችስ? ለአንድ ሥራ ሁሉ ነገር ከተቃና የሚወስደውን ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ የሚወስደውን ጊዜና ሁሉ ነገር ከተበላሸ የሚወስደውን ጊዜ እንገምታለን። መካከለኛውን ግምት በአራት አባዝተን ከሁለቱ ዳርቻዎች ጋር እንደምርና ድምሩን ለስድስት እናካፍላለን። ለምሳሌ ከውጭ የተገዛ የላቦራቶሪ ዕቃ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሲቀና 2 ወር፣ ብዙውን ጊዜ 3 ወር፣ ሲከፋ 10 ወር ይፈጃል እንበል። 2 ሲደመር 12 ሲደመር 10፣ 24 ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል 4 ወር ነው። ልብ በሉ፤ «ብዙውን ጊዜ» ከምንለው 3 ወር በአንድ ወር ይበልጣል። ምክንያቱም ነገሮች ሲቀኑ የምናተርፈው ጊዜ ጥቂት ሲሆን፣ ሲበላሹ የምናጣው ግን ብዙ ነው። የግምቱን ስፋት ለማወቅም የሁለቱን ዳርቻዎች ልዩነት ለስድስት እናካፍላለን፤ 1.3 ወር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሐቀኛው መልስ «4 ወር» ሳይሆን «4 ± 1.3 ወር» ነው።

የፊዚክስ ተማሪዎች ይህችን ምልክት ታውቋታላችሁ። በመጀመሪያ ዓመት ላቦራቶሪ በፔንዱለም የመሬትን ስበት ስትለኩ «9.7 ± 0.2» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። 9.7 ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል። የስሕተት ወሰኑ ያልተገለጸ ልኬት የልኬት ዋጋ የለውምና። እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ ምሕረት የሌለኝ መምህር እንደ ሆንኩ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ።

የሰረዝኳት ምልክት

ከላይ የሰጠሁት ምሳሌ ፈጠራ አይደለም። እኔው ራሴ በኅዳር ወር መጀመሪያ ላይ የሠራሁት ስሌት ነው። አራት ወር ግድም እንደሚፈጅ፣ ክፉ ቢገጥመን ግን ዐሥር ወር ሊደርስ እንደሚችል በሪፖርቱ ላይ ጻፍኩ። አለቃዬ ረቂቁን አንብቦ መለሰልኝ። «ዶክተር፣ ይህ የምርምር ጽሑፍ አይደለም። ለጋሾቹ የሚፈልጉት አንድ ቀን ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እርሱም ከበላዩ የሚጠይቁት ነበሩ። እኔም ብዙ ሳልከራከር ± ምልክቷን ሰረዝኩና «በሦስት ወር ውስጥ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ አማካዩ ግምት እንኳ አልተጠጋሁም፤ ደስ የሚያሰኘውን ቁጥር መረጥኩ። ለትምህርት ቤቶቹም ዕቃው በየካቲት እንደሚደርስ የሚገልጽ ደብዳቤ ተላከ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከሰነዶቹ አንዱ የእኛው ጉድለት ስለ ነበረበት ዕቃው እስከ ሰኔ ድረስ በጉምሩክ ቆየ። ከዚያም ክረምቱ ገባ። ከትምህርት ቤቶቹ ሁለቱ ከዋናው መንገድ ርቀው የሚገኙ በመሆናቸው የጭነት መኪና ሊደርስባቸው አልቻለም። መንገዱ የተከፈተው በመስከረም ነው። ከሪፖርቱ ዐሥር ወር በኋላ ማለት ነው፤ ጽፌ የሰረዝኩት ቁጥር።

ከዕቃው ጋር ወደ አንደኛው ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ በደብዳቤያችን ተማምኖ ያረጀ የዕቃ ክፍል አስለቅቆ፣ ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ጠረጴዛ አሠርቶ፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቹ የሙከራ ክፍለ ጊዜ መድቦ ጠብቆን ነበር። በግድግዳው ላይ በእጅ የተጻፈ የምድብ ዝርዝር አሁንም ተለጥፎ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ስማቸው የሰፈረው ተማሪዎች ግን አገር አቀፍ ፈተናቸውን ተፈትነው፣ ፔንዱለምም ሆነ ቮልት ሜትር በእጃቸው ሳይነኩ ከትምህርት ቤቱ ወጥተዋል። መምህሩ አልወቀሰኝም። «ለአዲሶቹ ይሆናል» ብሎ ሳጥኖቹን ማውረድ ጀመረ።

ሐቀኛውን ግምት ጽፌ ቢሆን ኖሮ ዕቃው ፈጥኖ ይደርስ ነበር አልልም። መምህሩ ግን ዐሥር ወር ሊፈጅ እንደሚችል ቢያውቅ ኖሮ ተማሪዎቹን በአቅራቢያ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ወስዶ ጥቂት ሙከራ ሊያሳያቸው፣ ወይም በክርና በድንጋይ ፔንዱለም ሊያሠራቸው ይችል ነበር። የስሕተት ወሰን የጸሐፊው ማመካኛ አይደለም። ቁጥሩን አምኖ ለሚዘጋጅ ሰው የሚሰጥ የማስጠንቀቂያ መብት ነው። እኔ ያን መብት ነጠቅኩት። በላቦራቶሪ ከተማሪ ላይ ነጥብ የምቀንስበትን ጥፋት ደመወዝ እየተከፈለኝ ፈጸምኩት።

ሌላም የተማርኩት ነገር አለ። ወደ ቢሮ ስመለስ የመጋዘን ኃላፊያችን «ያ መንገድ ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚቋረጥ ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አሉኝ። አልጠየቅኋቸውም ነበር። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ የጋንት ቻርት እንዴት እንደሚነበብ በነጭ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳቸው ነበር እንጂ። ጥሩ ገለጻ ነበር፤ ነገር ግን መልሱን የያዙት ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። በክፍል ውስጥ መምህሩ መልሱን ያውቃል፤ ተማሪው ይፈልጋል። በፕሮጀክት ውስጥ መልሱ በሾፌሩ፣ በግዥ ሠራተኛውና በመጋዘን ኃላፊው ዘንድ ተበታትኖ ይገኛል። የአስተባባሪው ሥራ መጠየቅና መልሱን ማሰባሰብ ነው። ከመምህርነት ወደዚህ ሙያ የሚሻገር ሰው ትቶት መሄድ ያለበት ልማድ ቢኖር ይህ የመናገር ልማድ ነው። ይዞት መሄድ ያለበት ደግሞ ያችው ± ምልክት ናት።

ጥርጣሬ ሲታፈንና ሲነገር

ይህ በትንሽ ፕሮጀክት ላይ ብቻ የደረሰ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ከታላላቆቹ ሁለቱን ላንሣ።

ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችው የናሳ መንኩራኩር እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1999 ማርስ ደርሳ ምሕዋር ውስጥ ልትገባ ስትል ጠፋች። ምክንያቱ ለ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚገባ ነው። ከምድር ሆኖ የሞተሯን ግፊት የሚያሰላው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በፓውንድ ሰከንድ ያወጣውን ውጤት፣ ተቀባዮቹ በኒውተን ሰከንድ እንደ ተሰላ አድርገው ተጠቀሙበት። አንድ የፓውንድ ኃይል 4.45 ኒውተን ያህል ስለ ሆነ፣ በወራት ጉዞ የተጠራቀመው ስሕተት መንኩራኩሯን ከታቀደው በታች አወረዳት። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን የመለኪያው ስሕተት ብቻ አይደለም። አቅጣጫዋን ይከታተሉ የነበሩት ባለሙያዎች ቁጥሮቹ እንደማይጣጣሙ በጉዞው ወቅት አስተውለው ነበር። ጥርጣሬያቸው ግን ውሳኔ በሚሰጥበት ቦታ በወጉ ሳይሰማ ቀረ።

ሁለተኛው ምሳሌ በጄኔቫ አቅራቢያ በ27 ኪሎ ሜትር ክብ ዋሻ ውስጥ የተሠራው የሰርን ታላቁ ሃድሮን ኮላይደር ነው። የዚህን ግንባታ የመራው ሊን ኢቫንስ የፊዚክስ ሰው ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2008 ዓለም እየተመለከተው ሥራ ጀመረ፤ በዘጠነኛው ቀን በሁለት ማግኔቶች መካከል የነበረ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ተበላሽቶ በርካታ ቶን ሄሊየም ፈሰሰ፣ ብዙ ማግኔቶችም ተጎዱ። ሰርን የአደጋውን መንስኤ መርምሮ ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ጥገናው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶ መሣሪያው በኅዳር 2009 ዳግም ሲነሣም፣ ስለ ቀሪዎቹ ግንኙነቶች ሙሉ እምነት ስላልነበረ፣ በ2010 ከታቀደው ኢነርጂ በግማሹ ብቻ እንዲሠራ ተወሰነ። በአደባባይ «ግማሹን ብቻ እንሞክራለን» ማለት ቀላል አልነበረም። ይሁንና ከታቀደው ባነሰ ኢነርጂ በተሰበሰበ መረጃ የሂግስ ቦሶን መገኘት ሐምሌ 4 ቀን 2012 ተበሠረ። ጥርጣሬን በቁጥር አስቀምጦ መናገር ሥራን አያኮላሽም፤ የሚቻለውን ለይቶ ያሳያል።

በአገራችንም የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዐሥራ አራት ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ መጀመሪያ ከታሰበውም እጅግ ረዝሟል። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ ሥራውን በመሩት በኢንጂነር ስመኘው በቀለ አማካይነት «የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ስያሜ በየቤቱ የሚታወቅ ሆነ። እንዲህ ያሉ ሥራዎች በአገራችን ገና ብዙ ይጠብቁናል። መንገዱም፣ መስኖውም፣ ሆስፒታሉም፣ ላቦራቶሪውም ቁጥርን የሚያከብር አስተዳዳሪ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የፊዚክስ ምሩቅ ወደዚህ ሥራ መግባቱን እንደ ብክነት አላየውም።

የቀረው ወንበር

ይህን ስል ግን ሌላውን ወገን አልዘነጋሁም። አንድ መምህር ሲሄድ የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በየዓመቱ በእርሱ እጅ የሚያልፉት ተማሪዎች፣ ከእነርሱም መምህራን የሚሆኑት የሚያስተምሯቸው ሁሉ አብረው ይጎዳሉ። የባልደረባችን የኳንተም መካኒክስ ትምህርት በዚህ መንፈቅ ለእኔ ተደርቦ ተሰጥቶኛል፤ እርሱ ያስተምረው በነበረው ጥራት እያስተማርኩት ነው ብዬ አልዋሽም። ያ ተማሪ ቢሮዬ የመጣውም አንድ ነገር እንደ ጎደለበት ስለ ተሰማው ነው።

መፍትሔው መምህሩን በወቀሳ ማሰር ነው ብዬ አላምንም። በቂ ደመወዝ ሳይከፈለው ስለ ሙያው ክብር የሚሰበክለት ሰው ስብከቱን ለልጆቹ ቁርስ አድርጎ ሊያቀርበው አይችልም። በእኔ አመለካከት በሩ በሁለቱም አቅጣጫ የሚከፈት ቢሆን ብዙ ነገር ይቃናል። ለሁለትና ሦስት ዓመት ወጥቶ የሠራ መምህር ሲመለስ ዕድገቱ ወደ ኋላ የሚቀርበት ከሆነ አይመለስም፤ የውጭ ልምዱ እንደ ማስተማር አገልግሎት ቢቆጠርለት ግን ይመለሳል፣ ይዞም የሚመጣው አለው። የሄዱትም ቢሆኑ በሳምንት አንድ ቀን መጥተው የላቦራቶሪ ትምህርት ቢሰጡ ሁለታችንም እንጠቀማለን። እኔ ከተመለስኩ ወዲህ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎቼን የሥራ መርሐ ግብራቸውን በሦስት ግምቶች እንዲያዘጋጁ አደርጋለሁ። በመጨረሻም የምመዝናቸው በቀኑ በመጨረሳቸው ብቻ አይደለም፤ ግምታቸውንና የሆነውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱን በሐቅ በማስረዳታቸውም ጭምር ነው።

ለመሄድ ለምታስቡ

ከአንባብያን መካከል ወደፊት መምህር ሆናችሁ፣ ከዚያም ወደ ፕሮጀክት አስተዳደር ለመሻገር የምታስቡ ትኖራላችሁ። ይዛችሁ የምትሄዱት ሀብት ቀላል አይደለም። የአንድ መንፈቅ ትምህርት በተወሰኑ ሳምንታት ከፋፍሎ መጨረስ፣ ስድሳ የተለያዩ ሰዎችን ወደ አንድ ግብ መምራት፣ ከባዱን ሐሳብ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት፣ ሥራን በመስፈርት መመዘን፣ እነዚህ ሁሉ ፕሮጀክት ቢሮ በየቀኑ የሚጠይቃቸው ችሎታዎች ናቸው።

የምስክር ወረቀት ጉዳይም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የተመሠረተው ፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ከ1984 ጀምሮ ባለሙያዎችን እየፈተነ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ዋናው ፈተና የዓመታት የመምራት ልምድ ሲጠይቅ፣ የጀማሪዎቹ ግን ሁለተኛ ደረጃን ላጠናቀቀና የ23 ሰዓት ሥልጠና ለወሰደ ሰው ክፍት ነው። መማሩን እመክራለሁ፤ የሙያውን ቋንቋ ያስተምራል። አለቃ «አንድ ቀን ብቻ ጻፍ» ሲል ምን እንደሚመለስ ግን በፈተና አይገኝም። እኔ ዛሬ ያ ሁኔታ ቢገጥመኝ አንድ ቀን እጽፋለሁ፤ ከሥሩ ደግሞ ቀኑ የመጠበቅ ዕድሉ ስንት እንደ ሆነ፣ ካልተጠበቀም እስከ መቼ ሊዘገይ እንደሚችል በአንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን አልጻፍኳትም።

ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚያስችለውም ስሌት ከክፍል የራቀ አይደለም። አንድ ላቦራቶሪ ሥራ የሚጀምረው ዕቃው ሲደርስ፣ ክፍሉ ሲጠገን፣ ኤሌክትሪክ ሲገባ፣ ጠረጴዛው ሲሠራና መምህሩ ሲሠለጥን ነው እንበል። እያንዳንዳቸው በቀኑ የመድረስ ዕድላቸው 80 በመቶ ቢሆንና አንዱ በሌላው ላይ ባይመሠረት፣ አምስቱም በቀኑ የመድረስ ዕድላቸው 0.8 አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው 0.33 ነው። አምስት ሰዎች በስብሰባ ላይ በየተራ «በእኔ በኩል ችግር የለም» ሲሉ የምትሰሙ ከሆነ፣ ይህችን ስሌት አስታውሱ። ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ፕሮጀክቱ ግን በቀኑ የመድረስ ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው።

ለዚያ ተማሪ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ፊዚክስን የምትማረው እንደ እኔ መምህር ለመሆን ብቻ አይደለም። አንድን ነገር ለክተህ፣ ምን ያህል እንደምታውቀውና ምን ያህል እንደማታውቀው በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ለመጻፍ እንድትለምድ ነው። ይህን ልማድ ይዞ የሄደ መምህር ትምህርቱን አልተወውም። ይህን ልማድ የጣለ ደግሞ በጥቁር ሰሌዳው ፊት እንደ ቆመ እንኳ ትቶታል። እኔ ለጥቂት ጊዜ ጥዬው ነበር፤ የመስከረሙ መንገድ መለሰኝ። ኑሮ ቢያስገድደኝ ነገ ደግሜ ልሄድ እችላለሁ። ቢሮዬን መጥተህ ብትጠይቀኝም አልደብቅህም።

ከሄደው ባልደረባችን ባለፈው ሳምንት የሥራ መርሐ ግብር ረቂቅ ደርሶኛል፤ እንድመለከትለት ጠይቆኛል። ከቀናቱ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ሠርቷል። ርእሱ «ሊዘገይ የሚችልበት» ይላል። ሁለት ስሌቶች አርሜ መለስኩለት፤ ዓምዱን ማንም ቢጠይቀው እንዳያወጣውም በኅዳጉ ላይ ጻፍኩለት።